ሽቅብና ቁልቁል

ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካሮዎች መንደር ናት። ከአፋፉ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ቡናማው ውሃ ትልቅ ቅስት ሠርቶ ሲጠመዘዝ ይታያል፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሲያዩት የቆመ ይመስላል። ወደ ዳርቻው ወርዶ ደረቅ እንጨት የወረወረ ሰው ግን ውሃው ምን ያህል እንደሚጓዝ ወዲያው ይረዳል።

በውሃ ላይ የሚሄድን ነገር ፍጥነት መለካት የሚሻ ሁሉ ከዚህ መጀመር አለበት። የሚለካው ከግንድ የተፈለፈለ ታንኳም ይሁን በሪሞት የሚነዳ የእሽቅድምድም ሞዴል ጀልባ፣ ጀልባው የሚገፋው ውሃውን ነው፤ ለኪው የቆመው ግን መሬት ላይ ነው። ውሃው ራሱ እየሄደ ከሆነ ከመሬት የተነበበው ቁጥር የጀልባው ብቻ አይደለም፣ ወንዙም ድርሻ አለው።

ኦሞን በታንኳ የሚያቋርጥ ልምድ ያለው ቀዛፊ ይህን በክንዱ ያውቀዋል። ከተነሣበት ፊት ለፊት መድረስ ከፈለገ በቀጥታ አይቀዝፍም። መጀመሪያ ዳሩን ይዞ ጥቂት ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ መሐል ሲገባ ውሃው እየገፋ ወዳሰበው ቦታ ያደርሰዋል። ዳሩን የሚመርጠውም በምክንያት ነው። ወንዝ በሚጠመዘዝበት ቦታ የውጭው ዳር ጥልቅና ፈጣን ሲሆን የውስጠኛው ዳር ቀርፋፋ ነው። አንድ ወንዝ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስመር ላይ እንኳ አንድ ፍጥነት የለውም። ለኪ ሁሉ ይህን ከቀዛፊው ቢማር ይጠቀማል።

የውሃውን ፍጥነት ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። የውሃ ባለሙያዎች ዘመናዊ መለኪያ በማይደርስበት ቦታ ተንሳፋፊ ይጠቀማሉ፤ በዳርቻው ላይ የታወቀ ርቀት ለክተው ሁለት ችካል ይተክላሉ፣ ከላይኛው ችካል አስቀድመው ተንሳፋፊውን ይለቁና ከአንዱ ችካል እስከ ሌላው የወሰደበትን ጊዜ ይይዛሉ። ብርቱካን ለዚህ የተመሰገነ ነው፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ነፋስ እንደ ልቡ አይገፋውም፣ ቀለሙም ከሩቅ ይታያል። ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ ጠርሙስም ይሠራል። በኦሞ ላይ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ። ወንዙ አዞ አለበትና ተንሳፋፊው ቢጠፋ የማያሳዝን ነገር ይሁን፤ ማንም ሰው እሱን ለመመለስ ውሃ ውስጥ አይግባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የወንዙን የውሃ መጠን የሚያሰላ ባለሙያ ከተንሳፋፊው ያገኘውን ቁጥር በ0.85 አካባቢ ያባዛዋል፤ የወንዙ ወለል ውሃውን ስለሚይዘው ከላይ ያለው ውሃ ከጠቅላላው አማካይ ይፈጥናልና። የሞዴል ጀልባ ለኪ ግን ይህን ማባዣ መውሰድ የለበትም። ትንሿ ጀልባ የምትነካው የላይኛውን ስስ ውሃ ብቻ ስለሆነ ለእሷ ትክክለኛው ቁጥር ተንሳፋፊው የሰጠው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በረጋ ውሃ ላይ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ሞዴል ጀልባ በሰከንድ 2 ሜትር በሚፈስ ወንዝ ላይ ተለቀቀች እንበል። ቁልቁል ስትሮጥ 50 ሜትሩን በ4.17 ሰከንድ ትጨርሳለች፤ ይህም በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባለቤቷም ይደሰታል። ሽቅብ ስትመለስ 6.25 ሰከንድ ይፈጅባታል፤ ፍጥነቷ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሁለቱ ፍጥነቶች አማካይ እውነተኛውን 36 ይመልሳል። ነገር ግን ለኪው ሁለቱን ጊዜዎች ደምሮ 100 ሜትርን ለ10.42 ሰከንድ ቢያካፍል 34.6 ያገኛል፣ ጀልባዋንም ይበድላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጀልባዋ ሽቅብ ስትወጣ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች፣ ስለዚህ ቀርፋፋው ጉዞ ከድርሻው በላይ ይመዝናል። አማካዩ የሚወሰደው ከፍጥነቶቹ እንጂ ከጊዜዎቹ አይደለም።

ሁለት ጊዜ መሮጥ የትንንሽ ጀልባዎች ብቻ ሥርዓት አይደለም። የዓለም የውሃ ላይ ፍጥነት ሪከርድ የሚጸድቀው በተለካ ርቀት ላይ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ በተደረጉ ሩጫዎች አማካይ ነው። እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1967 በኮኒስተን ሐይቅ ላይ ብሉበርድ በተባለችው ጀልባው የመጀመሪያውን ሩጫ በሰዓት ወደ 479 ኪሎ ሜትር አጠናቀቀ። ነዳጅ ለመሙላት ሳይቆም ወዲያው ለመልሱ ሩጫ ተነሣ፤ ጀልባዋ ከውሃው ተነሥታ ተገለበጠች፣ እሱም ሞተ። የመጀመሪያው ሩጫ ብቻውን ሪከርድ አልሆነም። አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ ደግሞ በቤቱ ጓሮ በሠራት ጀልባ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1978 በብሎውሪንግ ግድብ ላይ በሰዓት 511 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ፤ ይህም የሁለት አቅጣጫ አማካይ ነው።

ጊዜ አያያዙ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትበር ጀልባ 50 ሜትርን በ2.5 ሰከንድ ትጨርሳለች። የለኪው ጣት 0.2 ሰከንድ አሳንሶ ቢስት ንባቡ 78 ይሆናል። የስልክ ቪዲዮ እጅግ ይሻላል። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ይህን ሩጫ በ75 ፍሬም ይይዘዋል፤ አንድ ፍሬም መሳት የሚያመጣው ስሕተት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቪዲዮም ግን ወጥመድ አለው። ካሜራው መሐል ቆሞ የችካሎቹ መስመር ከሱ 10 ሜትር ርቆ፣ ጀልባዋ ግን 12 ሜትር ርቃ የምታልፍ ከሆነ፣ በሁለቱ ችካሎች መካከል የምትታየው ጀልባ የሄደችው 50 ሳይሆን 60 ሜትር ነው። መፍትሔው የጀልባዋን መስመር አስቀድሞ ማወቅና ርቀቱን በዚያው ልክ ማስተካከል፣ ወይም በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ችካል ከሩጫው መስመር ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ከፊትና ከኋላ ተክሎ በየጫፉ አንድ ተመልካች ማቆም ነው።

ዛሬ ጀልባዋ ላይ የሚታሰር ትንሽ ጂፒኤስ ብዙዎችን ከችካል አሳርፏቸዋል። መልካም መሣሪያ ነው፣ ሆኖም የሚለካው ከመሬት አንጻር ነውና የወንዙን ድርሻ አይቀንስም። በሰከንድ አንዴ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ በሁለት ንባቦች መካከል ፈጣኗ ጀልባ 20 ሜትር ትሄዳለች። ጀልባዋ ስትገለበጥ አንቴናው ሰማዩን ያጣል፣ ያን ጊዜ የሚመዘገበው ከፍተኛ ቁጥር ሊታመን አይገባም። እውነተኛ ለኪ ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ ይዞ አይሄድም፣ የሩጫውን ሙሉ መዝገብ ያያል።

ኦሞ ደግሞ ትናንት የተለካው ዛሬ የማይሠራበት ወንዝ ነው። ቀድሞ ክረምት ሲገፋ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ያለብስ ነበር፤ ካሮዎችም ውሃው በሸሸበት እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ መነሣትና መውረድ የሰማዩ ብቻ አይደለም፣ የተርባይኖቹም ነው። ስለዚህ ተንሳፋፊው የሚለቀቀው በወር አንዴ ወይም በቀን አንዴ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊትና በኋላ፣ ጀልባዋ በምታልፍበት በዚያው መስመር ላይ ነው። በማስታወሻው ላይም ከፍጥነቱ ጎን ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ርቀቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫና የተንሳፋፊው ሁለት ንባቦች ይጻፋሉ፤ ሁለቱ ንባቦች ከተራራቁ ሩጫው ይደገማል።