ተራ የማን ናት? ለብዙ ተጫዋች ውጊያን ስለ መንደፍ

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረቡት «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በአንድ ሣጥን የገቡ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት ነበር። መጽሐፉ አንድ ዘመቻ ከ4 እስከ 50 ተጫዋች እንደሚይዝ፣ ለ20 ተጫዋችም አንድ ዳኛ ገደማ እንደሚበቃ ይናገራል። የዛሬ ተጫዋች ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ስምንት ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ውጊያ ከተነሣ ምሽቱ እዚያው እንደሚያልቅ ያውቃልና። ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ፦ እያንዳንዱ ተጫዋች በፈጠረው ገጸ ባሕርይ አፍ ይናገራል፤ ዳኛው ዓለሙንና ጠላቶቹን ወክሎ ይመልሳል፤ አጠራጣሪውን ዳይስ ይፈርዳል።

ስለ ትልቅ ቡድን ሲነሣ ውይይቱ የሚያዘነብለው ወደ ጉልበት ነው፤ ስንት ጠላት፣ ምን ያህል ብርቱ? በ2014 የወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም የዳኛ መጽሐፍ የዚህ አስተሳሰብ ዋና ምስክር ነው። ለእያንዳንዱ ጠላት እንደ ብርታቱ የተሰጠው ነጥብ ይደመርና ቁጥራቸው በሚወስነው ማባዣ ይባዛል፤ ለሁለት ጠላት በ1.5፣ ከሦስት እስከ ስድስት ላሉት በ2፣ ለ15ና ከዚያ በላይ በ4። ተጫዋቾቹ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ማባዣው አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። የማባዣው ሠንጠረዥ ስለ ትልቅ ቡድን የሚለው ይኸው ነው።

ከማባዣው ጀርባ ያለው ግንዛቤ ግን ትክክል ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1916 እንዳሳየው፣ ሁሉም ሁሉን መምታት በሚችልበት ውጊያ የአንድ ወገን ኃይል የሚያድገው በቁጥሩ ካሬ ነው። አራት የነበሩት ስምንት ሲሆኑ ኃይላቸው አራት እጥፍ ይሆናል። ንድፈኛው ይህን የሚሰብረው በቦታ ነው፦ ጠባብ በር፣ ድልድይ፣ ጥምዝ ኮሪደር። ሁለት ሰው ብቻ በሚያሳልፍ በር ላይ የካሬው ሕግ አይሠራም።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ነው። በሩ ጉልበቱን ሲያመጣጥን ከኋላ የቆሙትን ስድስቱን ሥራ ፈት ያደርጋቸዋል፤ በስሌት የተስተካከለው ውጊያ በጠረጴዛው ላይ ይሞታል። በእኔ አመለካከት የትልቅ ቡድን ውጊያ በመጀመሪያ የጊዜ ጥያቄ ነው። ስምንት ተጫዋችና ስምንት ጠላት እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወስዱ አንድ ዙር 24 ደቂቃ ይፈጃል። በታሪኩ ውስጥ ያለፈው ግን 6 ሴኮንድ ነው! ገበጣ ይህን ጣጣ አያውቀውም፤ ተራዋ በሁለት ሰው መካከል ትመላለሳለች። እዚህ ግን እያንዳንዱ የተጨመረ ጠላት የሁሉንም ጥበቃ ያረዝማል።

በዚህ መነጽር ሲታይ የአምስተኛው እትም ብልሃት ማባዣው ሳይሆን ታላላቅ ጭራቆች በሌሎች ተራ ማብቂያ ላይ የሚፈጽሙት ተጨማሪ ድርጊት ነው። ቀዩ ጎልማሳ ዘንዶ 256 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ይህን ያህል ጉዳት ሳይደርስበት አይወድቅም። ብዙ ዳኞች ቡድኑ ሲበዛባቸው ይህን ነጥብ እጥፍ ያደርጉታል፤ ትርፉ የረዘመ ዱላ ነው። ሦስቱ ተጨማሪ ድርጊቶች ግን ለዘንዶው ጊዜ ይገዙለታል። የሚያሳዝነው፣ ተጫዋቹ አራትም ይሁን ስምንት የድርጊቶቹ ቁጥር ያው ሦስት መሆኑ ነው። ማደግ የነበረበት ይህ ቁጥር ነበር። የ2024ቱ እትም ማባዣውን ቢተወውም መለኪያው ያው ጉልበት ነው።

የ2008ቱ አራተኛ እትም አንድ የሕይወት ነጥብ ብቻ ያላቸውን ጭፍሮች አምጥቶ ዳኛውን ከመዝገብ ሥራ አሳርፎት ነበር። የተጫዋቹን ጥበቃ ግን አልነካም።

መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ መሄድ ይበጃል። ቶም ሞልድቬይ ባዘጋጀው በ1981ዱ የመግቢያ እትም ቅድሚያ የሚወሰነው በየወገኑ አንድ ባለስድስት ገጽ ዳይስ ተጥሎ ነው፤ የተጫዋቾቹን ውሳኔም ከመካከላቸው የተመረጠ ቃል አቀባይ ለዳኛው ያደርሳል። ተራ የቡድኑ ነበረች፤ ምክክሩም ራሱ ጨዋታ ነበር። ቃል አቀባዩ የዓይን አፋሩን ድምፅ ይውጣል የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው። ተራውን 20 ደቂቃ የሚጠብቀውስ ምን ድምፅ አለው?

የወገን ተራ የራሱ አደጋ አለው፤ ስምንቱ ከቀደሙ ዘንዶው ሳይንቀሳቀስ ሊወድቅ ይችላል፤ ላንቸስተር በሌላ በር ይመለሳል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ስምንቱን በአራት አራት ከፍሎ ዘንዶው ከእያንዳንዱ አራት በኋላ እንዲመታ ማድረግን ነው። አራቱ ዘንዶውን ሲገጥሙ አራቱ የሚዘጋውን የብረት በር ይዘው፣ ቁስለኛውን አውጥተው፣ ማዶ ያለውን ድልድይ ቆርጠው ይጠብቃሉ። በሚቀጥለው ተራ ማን የት እንደሚሆን የሚከራከሩትም ዘንዶው በሚመታበት ሰዓት ነው።