ፋታዋን ማድመጥ

ሰፈራችን ያለው ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኖቹ በሙሉ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር የሚሠሩት። ባለቤቱ ዘፈን ወዳጅ ነው። በሩ ላይ ያቆመው ትልቅ ስፒከር ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ ውስጥ ያሉት አምስት ስክሪኖች ግን ድዳ ናቸው። አንድ ቀን ስፒከሩ ተቃጠለና ባለቤቱ እየተነጫነጨ የቴሌቪዥኖቹን ድምፅ ከፈተልን። እኔ በዚያ ሰዓት «ጎድ ኦፍ ዋር» እየተጫወትኩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን። ለወራት የማውቀው ጌም ነው። የጌሙ ጀግና ክሬቶስ መጥረቢያውን ወረወረ፣ መጥረቢያው ከሩቅ ግንድ ላይ ተሰካ፣ እኔም እንዲመለስ ባለ ሦስት ማዕዘኗን ቁልፍ ተጫንኩ።

መጥረቢያው ወዲያው እጁ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ከግንዱ ሲነቀል ይሰማል። ከዚያ እየተሽከረከረ አየሩን ሲቀድ ሹክታው ከሩቅ ይነሳና እየቀረበ፣ እየወፈረ ይመጣል። በመጨረሻ ጧ ብሎ መዳፉ ላይ ሲያርፍ በእኔ እጅ ያለው ጆይስቲክ አብሮ ይንቀጠቀጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የማውቀው መንቀጥቀጡን ብቻ ነበር። ቁልፉን ከመጫን እስከ መያዝ ያለችውን ጊዜ፣ የሚመጣው ነገር በጆሮዬ በኩል እየመጣ እጄ ባዶውን የሚጠብቅባትን ጊዜ፣ ገና ያን ቀን ነው ያገኘኋት። የቀረውን ሰዓት ጠላት ሁሉ ትቼ መጥረቢያ እየወረወርኩና እየጠራሁ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲህ ፊልምም ይሁን ጌም ወይም ዘፈን ስመዝን መጀመሪያ የምፈልገው ያቺን ጊዜ ነው። ፋታ እላታለሁ። ሠሪው አንድ ነገር እንደሚመጣ አሳውቆ፣ ነገሩን ግን ገና ሳይሰጥ የሚያቆየን ቦታ ማለቴ ነው። ጎበዝ ሠሪ ፋታዋን በልክ ይሰፍራታል። ያልበሰለ ሠሪ ይፈራታል፤ ተመልካቹ የሚያመልጠው እየመሰለው በጩኸት፣ በቀስት ምልክት፣ በኪቦርድ ዜማ ይሞላታል። ስለ ካሜራ፣ ስለ ግራፊክስ፣ ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ ሊባል ይችላል፤ እነዚህ ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚገዛቸው ነገሮች ናቸው። ፋታ አትገዛም።

በጌም በኩል በቅርብ ዓመታት ከወጡት ይህን ነገር እንደ «ባላትሮ» ያወቀበት አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣ የካርታ ጌም ነው፤ ከሙዚቃው በቀር ሥራው ሎካልተንክ በሚል ስም ብቻ የሚታወቅ የአንድ ካናዳዊ ነው ማለት ይቻላል። በወጣ በመጀመሪያው ወር ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሕጉ ከፖከር የተወሰደ ነው፤ የእውነት ገንዘብ ግን አይገባበትም። ካርታችሁን መርጣችሁ ትጥላላችሁ፣ ጌሙ ነጥብ ይቆጥራል። ስልክ እንኳ ይህን ስሌት ዓይን ሳይርገበገብ ጨርሶ ውጤቱን ሊወረውርልን ይችላል። «ባላትሮ» እንደዚያ አያደርግም። የመጀመሪያው ካርታ ብድግ ብሎ ነጥቡን ይሰጣል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ በእያንዳንዱ ካርታ ድምፁ አንድ እርከን ከፍ ይላል። ከዚያ ከላይ የተደረደሩት ጆከር የሚባሉ ልዩ ካርታዎች ተራ በተራ እየተነቃነቁ የተቆጠረውን ያበዛሉ። ነጥቡ ከሚፈለገው ካለፈ ቁጥሩ ላይ ነበልባል ይነሳል።

ይህን ሳይ ትዝ የምትለኝ በርበሬ የምትሸጥልን ሴት ናት። ሰፍራ ትጨርሳለች፤ ከዚያ እጇን ወደ ክምሩ ለምርቃት ትመልሳለች። ጭብጧ ትልቅ ይሁን ትንሽ ገና አልታወቀም፤ ገዢዋ ፌስታሉን ከፍታ ይዛ እጇን እጇን ታያለች። የጆከሮቹ ማባዛት ያ እጅ ነው። ቆጠራው ትንሽ ፈጠን ቢል ጌሙ የሂሳብ መኪና ይሆን ነበር፤ ትንሽ ቢዘገይ ደግሞ ይሰለቻል። ሠሪው ያን ልክ ለማግኘት ምን ያህል እንደደከመ የሚገባችሁ ሌሎች እሱን አይተው የሠሯቸውን የካርታ ጌሞች ስትሞክሩ ነው።

ሌላው የጎበዝ ሠሪ ምልክት ጌሙ እንድትሳሳቱ የሚተዋችሁ መሆኑ ነው። በ2022 የወጣው «ኤልደን ሪንግ» ገና ወደ ሰፊው ሜዳ ስትወጡ በወርቃማ ጥሩር የተሸፈነ ፈረሰኛ ከፊታችሁ ወዲያ ወዲህ ሲል ታገኙታላችሁ። ሽሹ የሚል ድምፅ የለም፣ ግጠሙም የሚል የለም። ብዙ ሰው ሞቶ ነው የሚማረው፤ እኔም እንደዚያው። በየእርምጃው ቀስት የሚያሳይና ጓደኛ ገጸ ባሕርይ በጆሮ የሚያንሾካሽክበት ጌም ገንዘብ ቢፈስበትም በእኔ ሚዛን ቀላል ነው።

ፊልም ላይ ስደርስ ነገሩ ይብስብኛል፤ የምቆረቆረውም በራሳችን ፊልሞች ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤትና ዘመድ ገና ሳይነጋ ደጅ ላይ ይሰበሰባል። ነጠላው ተዘቅዝቆ ተለብሷል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም፣ ቀስ ብሎ በሩ ይንኳኳል። የቤቱ ሰው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያይ፣ አንድም ቃል ሳይወጣ፣ የሚያልፍ ቅጽበት አለ። ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምናውቅ ሰዎች ነን። ሆኖም ስንቱ አማርኛ ፊልም ላይ መርዶ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ስልኩ ከእጅ ይወድቃል፣ ጩኸቱ ይከተላል፣ ከጩኸቱም በፊት አሳዛኝ የኪቦርድ ዜማ ገብቶ ምን ሊሰማን እንደሚገባ ነግሮናል። ተዋናይዋ ፊቷ ላይ ልታወጣው የምትችለውን ነገር ሙዚቃው ቀምቷታል። እንደ መመዘኛ ልስጣችሁ፦ አንድ ፊልም ላይ ክፉ ወሬ ሲነገር፣ ከወሬው እስከ እንባው ስንት ሰከንድ እንዳለ ቁጠሩ፤ በዚያ መካከል ሙዚቃ ካለም ልብ በሉ። እኔ በዚህ ብቻ ዳይሬክተሩን አውቀዋለሁ።

የ2023ቱን «ኦፐንሃይመር» ከዚህ አንጻር ነው የምወደው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ነው፤ ሙዚቃውም ለአፍታ የሚያርፍ አይመስልም፤ በዚህ በኩል ብዙ ቦታ አድክሞኛል። ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ሙከራ ላይ ሲደርስ ክሪስቶፈር ኖላን ድምፁን ሁሉ ያጠፋል። ብርሃኑ ስክሪኑን ይሞላል፣ እሳቱ ይነሳል፣ የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ነው። ይህ የዳይሬክተር ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ተፈጥሮም የምትሠራው እንደዚሁ ነው። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ እየሄደ ከኋላ ይመጣል። ክረምት ላይ መብረቁን አይታችሁ ነጎድጓዱን የምትጠብቁባት ጊዜ ናት። ኖላን ያቺን ጊዜ ከእውነተኛው አብልጦ ለጠጣት፤ ሰዎቹ ምን እንደሠሩ የሚገባቸው በዚያች ውስጥ ስለሆነ። ከዚያ ድምፁ ሲደርስ ወንበሬን ያዝኩ፤ እንደሚመጣ እያወቅኩ።

«ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ደግሞ ሙሉውን ፊልም አንድ ፋታ አድርጎታል። ዳይሬክተሩ ጆናታን ግሌዘር ነው፤ በ2024 በዓለም አቀፍ ፊልምና በድምፅ ዘርፎች ኦስካር ወስዷል። የኦሽዊትዝ ካምፕ አዛዥ ቤተሰብ ከካምፑ አጥር ጋር በተያያዘ ቤት ይኖራል። ልጆች ይዋኛሉ፣ እናት አበባ ታጠጣለች። ካሜራው ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ግፍ አያሳየንም፤ ተኩሱ፣ ጩኸቱ፣ የማያቋርጠው የእሳቱ ጉምጉምታ ግን በግንቡ ላይ ዘሎ ይመጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብታዳምጡት ሌላ ፊልም ታገኛላችሁ፤ ዋናው ፊልምም እሱ ነው።

ከእኛው ምድር ጀሲካ በሽር የሠራችውን «ፋያ ዳዪ» (2021) አንሱ። በሐረር ዙሪያ ለዓመታት የተቀረፀ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ስለ ጫት። ሌላ ሰው ቢሠራው ቁጥርና ባለሙያ ይደረድርልን ነበር። እሷ ቅጠሉን የሚለዩ እጆችን ታሳያለች፣ ጭሱን፣ ውኃውን፣ መሄድ ይሻለኛል ወይስ መቅረት የሚል ወጣት ፊትን። ምርቃናን በቃል አታስረዳም፤ የፊልሙ አረማመድ ራሱ ምርቃና ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ ቀርፋፋ ነው ብለው ግማሹ ላይ ተነሱ።

በዚህ ላይ እንጣላለን። ፋታ ማለት ቀርፋፋነት አይደለም። ካሜራውን መስኮት ላይ አቁሞ አምስት ደቂቃ ዝናብ የሚያሳይ ዳይሬክተር ሁሉ ጥልቅ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። በፋታ ውስጥ የሚመጣ ነገር አለ፤ ባይመጣ እንኳ የጠበቃችሁት እናንተ ናችሁ። ምንም ሳይጠበቅ ዝም ማለት ባዶነት ነው። በአንጻሩ እስትንፋስ የማይሰጥ የጉራጊኛ ዘፈን ስሙ፤ ከበሮው አይቆምም፣ ጭብጨባው አይቆምም፣ እግር ግን በእያንዳንዱ ምት መካከል ያለችውን ክፍተት ፈልጎ ነው የሚረግጠው። ፋታዋ የሰከንድ ሩብ እንኳ አትሞላም፤ ግን አለች።

ዘፈን ላይ ጆሮዬ የሠለጠነው አዝማሪ ቤት ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ስንኙን ጨርሶ «ተቀበል» የሚለውን ድምፅ ሲጠብቅ አይቸኩልም። ማሲንቆውን አንድ ሁለቴ እየገዘገዘ ቆይቶ፣ ከጥግ የተቀመጠው ሰው ግጥሙን ሲወረውርለት ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ያን ክፍተት በራሱ ጨዋታ ቢሞላው ግጥሙ ከየት ይመጣል? ትዝታም እንደዚሁ ነው፤ ዘፋኙ ስንኙን ሲያሳርፍ ክራሩ ይመልስለታል፤ የዘፋኙን የልብ ስብራት ብዙ ጊዜ የሰማሁት ከክራሩ ነው። አሁን የሚወጡ አልበሞችን ስመዝን የማደምጠው ይህንን ነው። ስንኝ ባለቀ ቁጥር አቀናባሪው ምን አደረገ? ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ የተቀባይ ድምፅ፣ የከበሮ መንደርደሪያ ሁሉ ተሽቀዳድመው ከገቡ፣ ዘፋኙ የዘፈነው ወደ ውስጤ ሳይገባ በላዩ ላይ ሌላ ተጨመረበት ማለት ነው። ገበያውም አያግዝም። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ስለሆነ መግቢያዎች እያጠሩ፣ ዘፋኙም በሩን ሳያንኳኳ እየገባ ነው። አዲስ አልበም ሲወጣ ሦስት ቦታ አዳምጡት፤ በስልክ ስፒከር፣ ታክሲ ውስጥና ማታ በጆሮ ማዳመጫ። ሦስቱም ጋ አንድ ዓይነት የጮኸ አልበም፣ ማታ ላይ የሚነግራችሁ አዲስ ነገር የለውም።

ማታ ላይ ብዙ የሚነግረኝን አልበም ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። በ2024 ግን «ሱቬኒርስ» የሚል አልበም ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1985 መካከል አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዷቸው፣ በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ የሚያዜሙባቸው መዝሙር መሰል ዘፈኖች ናቸው። ስቱዲዮ የለም፣ መሐንዲስ የለም። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ለመድረክ የተሠራ አይደለም፣ አንዳንዴም ከፒያኖው ወደ ኋላ ይቀራል። በዘመኑ ሚዛን ከተለካ ሦስት አራት ጊዜ ደግመው እንዲቀዱ ይታዘዙ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ፋታ የትም አልሰማሁም። ሐረጉን ይጀምራሉ፣ እጃቸው ከፒያኖው ላይ ትንሽ ይነሳል፣ ክፍሉ ይሰማል። የካሴቱ ሹሹታ ይሰማል። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ከዚያ ቃሉ ይመጣል፣ ስለ አገር፣ ስለ መለየት፤ ያን ጊዜ ገና አገር ውስጥ ሆነው የሚናፍቁት አገር።

አልበሙን የማዳምጠው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ግን መብራት ጠፍቶ የጆሮ ማዳመጫዬም ባትሪ ስላለቀ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። እማሆይ ስንኛቸውን አሳርፈው ዝም ሲሉ ከማዶው ክፍል እናቴ ተጣራች።

«አንተ፣ ምን ወፍ ናት በዚህ ሌሊት የምትንጫጫው?»

«የድሮ ናት፣ እማዬ።»

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ የክፍሏን በር ገርበብ አደረገችው።