አሮጌ ርካሽ ስፒከር ዛሬም ያገለግላልን?

ስለ አሮጌ ስፒከሮች የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ውዳሴ ወይ ንቀት ነው። ሁለቱም ወገኖች ዕቃውን ከመመርመር ይልቅ ዕድሜውን ቆጥረው ይፈርዳሉ። ስለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ ወስዶ መመልከት ይሻላል፤ ይኸውም አኮስቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ለገበያ ያወጣው፥ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ኤ.አር. ፎር ኤክስ ነው።

የዚህ ስፒከር መሠረት ኤድጋር ቪልቸር በ1954 ያቀረበው ፈጠራ ነው። ቀድሞ ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ ለማሰማት እጅግ ትልቅ ሣጥን ያስፈልግ ነበር። ቪልቸር ግን ትንሹን ሣጥን አጥብቆ ዘጋና በውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ የሚርገበገበውን ወረቀት እንዲመልሰው አደረገ። ይህ ሐሳብ ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን ገበያ ላይ የሚገኘው ሐሳቡ ሳይሆን ስድሳ ዓመት ያህል የኖረ ሣጥን ነው።

የ8 ኢንቹ ወረቀት ጠርዝ ጨርቅ ስለ ሆነ፥ በኋላ ዘመን እንደ መጡት የስፖንጅ ጠርዞች ተበጣጥሶ አይረግፍም። ችግሩ ከበስተኋላ ነው። የቀጭኑን ድምፅ መጠን የሚወስነው መቆጣጠሪያ ይዝጋል፤ ካፓሲተሩም ያረጃል፤ ያን ጊዜ ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። ይህን የሰማ ሰው «የድሮ ስፒከር ድምፁ የታፈነ ነው» ብሎ ሲፈርድ የፈረደው በዝገቱ ላይ ነው እንጂ በአሠራሩ ላይ አይደለም። የሣጥኑን ጥብቀት ለማወቅ ወረቀቱን በቀስታ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ወዲያው ፈንጠር ብሎ ከተመለሰ አየር ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው።

ተጠግኖ ሲሰማ የሰው ድምፅ ያለ ግነት ይወጣል፤ ወፍራሙም ድምፅ ለመጠኑ የሚያስደንቅ ነው። ጉድለቱ የጸናጽሉ ድምፅ ነው። ሁለት ተኩል ኢንች የሆነው ትንሹ ወረቀት ቀጭኑን ድምፅ ወደ ፊት ብቻ ስለሚወረውር፥ ከመካከል ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠ አድማጭ ይቀርበታል። በዚህ ረገድ ጥሩ የዛሬ ርካሽ ስፒከር ይበልጠዋል። ደግሞም ትንሽ አምፕሊፋየር አይበቃውም።

አድናቂዎቹ «የዛሬውን የ100 ዶላር ስፒከር ያስንቃል» የሚሉት ግን ሒሳቡን ካለመሥራት የመጣ ይመስለኛል። አንዱ በ1965 ዋጋው 57 ዶላር ነበር። የአሜሪካ ኑሮ ከዚያ ወዲህ ዐሥር እጥፍ ያህል ስለ ተወደደ፥ ጥንዱ በዛሬ ገንዘብ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ርካሽ የተባለውም ከ200 ዶላር በላይ ይሸጥ ከነበረው ከታላቅ ወንድሙ ከኤ.አር. 3 አንጻር ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የዛሬውን 100 ዶላር ቢበልጥ ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ ብየዳ የሚችል ተማሪ የተበላሸውን በጥቂት ገንዘብ ቢያገኝ ይግዛው። ታድሶና ተወልውሎ በውድ የሚሸጠውን ግን እኔ አልገዛውም፤ በዚያ ገንዘብ ጸናጽሉን በክፍሉ ሁሉ የሚያሰማ አዲስ ስፒከር ይገኛልና።