አምስቱ ባሕርያት፣ አንዱ ምክንያት

የማስተምርባት የመካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ስለ ውሃ ሳስተምር ከዚህ እነሳለሁ። ተማሪዎቹ መጽሐፉ ላይ 100 የሚል አንብበዋል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ውሃው እየተንፈቀፈቀ 91 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል!» የሚል አይጠፋም። መልስ ከመስጠት ይልቅ «ባቄላ ቶሎ የሚበስለው ደጋ ነው ቆላ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወደ ዓባይ በረሃ ዘመድ ያለው ልጅ ይመልስልኛል። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ሳይግል ይፈላል፤ ባቄላውም ይዘገያል።

ለፈተና የሚሸመደደው የውሃ ባሕርያት ዝርዝር የታወቀ ነው፦ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሌላውንም ይይዛል፣ ብዙ ነገር ያሟሟል፣ ሙቀት ይሸከማል፣ በረዶው ይንሳፈፋል። አምስት ተብሎ የተሸመደደ በፈተናው ማግስት ይረሳል። ስለዚህ አምስቱን ወደ አንድ ምክንያት እመልሳቸዋለሁ። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክሲጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ እሱ በከፊል ኔጌቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናሉ። የአንዱ ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክሲጅን ይስባል። ይህ ሃይድሮጅን ቦንድ ለብቻው ደካማ ነው፤ ጉልበቱ ብዛቱ ነው።

ይህን ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሳህን ላይ ውሃ እሞላና መርፌ በስስ ወረቀት አስተኝቼ አስቀምጣለሁ። ወረቀቱ ርሶ ሲሰምጥ መርፌው ይቀራል፤ ጎንበስ ብሎ ላየ፣ የውሃው ገጽ ከመርፌው ሥር ጎድጎድ ብሏል። ከዚያ ዳር ላይ አንዲት ጠብታ የሳሙና ውሃ። የውሃው መያያዝ ይላላና መርፌው ይሰጥማል።

እዚህ ላይ ወደ ሳንባ እሻገራለሁ። የሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው በስስ ውሃ የተለበጠ ነው፤ የዚያ ውሃ ገጽ ሲሳሳብ ከረጢቶቹን ጨምድዶ ሊዘጋቸው ይችላል። ሳንባ ግን እንደዚያ ሳሙና የሚሠራ ሰርፋክታንት የሚባል ቅባታማ ነገር ያመነጫል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ ትንፋሽ የሚያጥረው ይህ ገና ስላልበቃው ነው። ሰዓቱ አልቆ እንኳ ጥያቄ የሚበዛው በዚህ ቀን ነው።

የተቀረው ከሰፈር ይገኛል። 1 ግራም ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ጁል ገደማ ይበቃል፤ ያው 1 ግራም ከቆዳችን ላይ ሲተን ግን 2,400 ጁል ያህል ይዞ ይሄዳል። ላብ የሚያበርደው፣ የእንስራ ውሃም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው። እዚሁ አቅራቢያ «ደንቆሮ» በሚባለው ጫካ ውስጥ ያለ ረጅም ዛፍ ያለ ፓምፕ ጫፉ ድረስ ውሃ የሚያደርሰው፣ ከቅጠሉ የሚተነው ሞለኪውል የኋላውን ስለሚስብ ነው። በኅዳር ውርጭ የመታው የባቄላ ቅጠል ሲጠቁር ተማሪዎቼ «ሴሉ ፈነዳ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በረዶው የሚጀምረው ከሴሉ ውጭ ነው፤ ውሃውን ከውስጥ እየሳበ ያደርቀዋል።

ፈተናዬ ላይ ዝርዝር አልጠይቅም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከውሃ የከበደ ሞለኪውል ሆኖ ሳለ ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ይፈላል፤ ውሃስ ለምን ፈሳሽ ሆኖ ቆየልን? እላለሁ። አምስቱን ባሕርያት በሙሉ ደርድሮ ይህን ያልመለሰ፣ ከእኔ ዘንድ ሙሉ ማርክ አያገኝም።