ቁልፉ ጠፋብኝ

ከዓመታት በፊት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ስለ ጠፋ ቁልፍ አጭር አንቀጽ ጽፋ አመጣች። «ዘ ኪ ሎስት ፍሮም ሚ» ይላል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ በላዩ «አይ ሎስት ዘ ኪ» ብዬ ጻፍኩላት። ደብተሯን ስመልስላት ቆም ብላ አነበበችውና፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ አላጠፋሁትም፤ ራሱ ነው የጠፋብኝ» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ እጇን አውጥታ አታውቅም።

በመምህርነት ዘመኔ ከሚቆጩኝ ነገሮች ያንን ሳቅ የሚያህል የለም። ልጅቷ ያለችው ትክክል ነበርና። በአማርኛ ቁልፍ ይጠፋብናል፣ አውቶቡስ ያመልጠናል፣ እንቅልፍ ይወስደናል፣ ይርበናል፣ ይበርደናል፣ ራሳችንን ያመናል። አድራጊው ከእኛ ውጭ ነው፤ እኛ የሚደርስብን ነን። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰውየውን ከፊት ያቆመዋል፤ ቁልፉን ያጠፋው፣ አውቶቡሱን የሳተው፣ እንቅልፍ ውስጥ የወደቀው እሱ ነው። በዚያች ሰረዝ ሰዋስው ያረምኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያልሠራችው ጥፋት እንደተጫነባት ነው የተሰማት።

ከዚያ በኋላ የተማሪዎቼን ስህተት የምመዘግብበት ደብተር ያዝኩ። በግራው ገጽ ተማሪው የጻፈው፣ በቀኙ ከሥሩ ያለው አማርኛ ይሰፍራል። ፀሐይን «ሺ» ብሎ የጠራ ልጅ አለ፤ ፀሐይ በእኛ ዘንድ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች እንጂ ወንድ ሆና አታውቅም። «ቱሞሮ አይ ጎ» ያለው ሌላው «ነገ እሄዳለሁ» ማለቱ ነው፤ «እሄዳለሁ» ደግሞ በየቀኑ ለሚሆነውም ለነገውም ያገለግላል። ደብተሩ በሞላ ቁጥር ይበልጥ ያስገረመኝ፣ በግራው ገጽ ካለው ስብርባሪ ትይዩ በቀኙ የተቀመጠው አማርኛ አንድም እንከን የሌለው መሆኑ ነው። ይህን ለልጆቹ ማሳየት ስጀምር ፊታቸው ተለወጠ። ሰነፍ እንዳልሆኑ፣ አንድ ቋንቋ አሳምረው እንደሚያውቁና ሁለተኛውን በእሱ መንገድ እየሄዱበት እንደሆነ ገባቸው።

ድምፁም ላይ ያው ነው። የእንግሊዞቹን መርከብና በግ በፊደላችን ብጽፋቸው ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች ስለማይለያቸው ጆሯችንም አይለያቸውም፤ የመርከቡ ድምፅ ከሳልሱ አጠርና ላላ ይላል፣ የበጉ ረዘም ብሎ ይወጠራል። «እስኩል» እና «እስፖርት» ሲሉ የሚሳቅባቸው ልጆችም አሉ። በቃል መነሻ ሁለት ተነባቢ ሲደራረብ አፋችን ማረፊያ ይፈልጋል፤ ስፔኖችም እንዲሁ ፊቱ ላይ አናባቢ ይጨምራሉ። ይህ ድክመት አይደለም፣ የአፍ ልማድ ነው፤ በልምምድ ይለቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የቱ ክፍለ ቃል ላይ ጫን እንደሚባል ማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ ደንቡን ሰሌዳ ላይ ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ ተማሪዎቼም ሸምድደው ለፈተና ይጽፉልኝ ነበር፣ ሲናገሩ ግን አይገኝም። መላው የተገለጠልኝ «ገና» የሚለውን ቃል ሳስብ ነው። «ገና አልመጣም» ስንል «ና» ላልቶ ይነበባል፤ «የገና ጨዋታ» ስንል ይጠብቃል። «አለ» ብሎ መናገርና «አለ» ብሎ መኖርም እንዲሁ ነው። ፊደሉ ምንም ምልክት የለውም፤ ሆኖም አፉን ገና የፈታ ሕፃን አይሳሳተውም። እንግዲህ ተማሪዎቼ በጽሑፍ የማይታይ፣ ፍቺ የሚለውጥ ነገር በጆሮ መያዝ ከልጅነታቸው ያውቁበታል ማለት ነው። አሁን መጀመሪያ «ገና»ን ሁለቴ አስነብባቸዋለሁ። ከዚያ «ሪከርድ»ን አመጣለሁ፤ ስም ሲሆን ጫናው መጀመሪያው ላይ፣ ግስ ሲሆን መጨረሻው ላይ ነው። ዴስካቸውን በጣታቸው እየመቱ ይሉታል። ጩኸቱ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል፣ ግን ይይዛቸዋል።

በማታው ክፍል ያስተማርኳቸው አንዲት እናት ደግሞ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። ዋሽንግተን ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ይዘጋጁ ነበር። «ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ‹ዩ› ነው የምለው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነውር ሆኖባቸው። አዎ ብዬ ባልፈው ኖሮ ቃሉን ይዘው አፋቸውን ይዘጉ ነበር። እንግሊዝኛ አክብሮቱን ሌላ ቦታ እንደሚያኖረው ነገርኳቸው፤ «ኩድ ዩ»፣ «ዉድ ዩ» እያለ ግሱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ያለሰልሳል። ጥቂት አሰቡና፣ «እኛ ‹ይምጡ› ስንል ግሱ ላይ እንደምናኖረው ማለት ነው፤ እነሱ ፊት ለፊት ያስቀድሙታል» አሉ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም የመምህር መምሪያ አላነበብኩም።

አንዳንዱ እንቅፋት ከሰዋስውም ከድምፅም ውጭ ነው። አንድ ተማሪዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ «አት ቱ» ተብሎ ተቀጥሮ፣ የእነሱ ሁለት የእኛ ስምንት መሆኑን ረስቶ ጠዋት በ2 ሰዓት ደርሶ በሩ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሟል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ፤ እንደየክልሉ ቀደም ብሎ የሚጀምርም አለ። ልጅ በአፍ መፍቻው መጀመሩን ከልቤ እደግፋለሁ። የሚያሳዝነኝ ድልድዩ ነው። እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲማር የኖረ ልጅ፣ ዘጠነኛ ሲገባ ታሪኩም ጂኦግራፊውም ባዮሎጂውም በአንድ መስከረም ቋንቋ ይለውጡበታል። ልብና ሳንባ እንዴት እንደሚሠሩ በአማርኛ አሳምሮ ያስረዳ የነበረው ልጅ ዝም ይላል፤ እኛም ዝምታውን አለማወቅ ብለን ውጤት እንሰጥበታለን። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል። እኔም በሥልጠናዬ ጊዜ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ክፍል እንዳስወጣ ተነግሮኝ ነበር፤ ዓመታት አደረግሁት፣ ተሳስቻለሁ። አፍ መፍቻ የተባለው እኮ አፍ ስለሚፈታ ነው። እሱን ቆልፎ ሌላ ቋንቋ ተናገር ማለት ልጁን የሚያውቀውን ሁሉ ውጭ አስቀምጠህ ግባ እንደማለት ነው።

ዘንድሮ መስከረም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ «ቁልፉ ጠፋብኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ማነው ያጠፋው?» አልኳቸው። «ማንም» አለ ከኋላ አንዱ። ከሥሩ የእንግሊዝኛውን ጻፍኩ። «እዚህስ?» «አይ!» አሉ ባንድ ድምፅ፣ ደረታቸውን እየነኩ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እና እነሱ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ጥፋተኛ ናቸው?» ክፍሉ መሳቅ ጀመረ። እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘኋቸውና ጥያቄዋን በአማርኛ እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ደወሉ የደወለው በእሱ ላይ ስንከራከር ነው።