ሳትነሣ ስሟን አትጻፉ

መስከረም ሲጠባ የተከዜን ሐይቅ ዳርቻ ዞረው ሰቆጣ የሚመለሱ ወጣቶች የወፍ መዝገባቸውን ሲዘረጉ፣ ጓደኞቻቸው የሚያደንቁት ርዝመቱን ነው። ገጹ ከሞላ «ጎበዝ!» ይባላል። እኔ «ግሪን ሳንድፓይፐር» የሚለውን መስመር ብቻ ፈልጌ «ስትበር አይታችኋታል?» እላለሁ። ዝም ይላሉ።

ማለዳ መነሣትንና ፀሐይን ከጀርባ ማድረግን ለማንም አላስተምርም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ቆማ ብቻ ላዩዋት ወፍ ስም መስጠታቸው። ከፍታው 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ባሕር የሌለን ሰዎች ለመንገደኛ ወፍ የሚሆን ዳርቻ አግኝተናል። ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚወርዱት ግሪን፣ ውድ እና ኮመን ሳንድፓይፐር እዚያ ያርፋሉ። ቆመው ሲታዩ የሦስቱም ጀርባ ቡናማ፣ ሆዳቸው ነጭ ነው። «በእግር ቀለም ለዩ፤ የውድ እግር ቢጫ ነው» ይባላል። ገባር ወንዞቹ ያወረዱት ደለል እግሯን እስከ ጉልበቷ ለብጦት፣ ቢጫው ከየት ይታያል?

ስለዚህ ወፏ ሳትነሣ ስሟ አይጻፍም። ስትነሣ ከጅራቷ በላይ ያለውን እዩ። ቡናማ ከሆነ፣ በክንፏም ላይ ነጭ ሰረዝ ካለ፣ ክንፏን ቁልቁል ቆልመም አድርጋ እያርገፈገፈች ውኃውን ታክካ ከሄደች ኮመን ናት። ነጭ ከሆነ ደግሞ የክንፏን ውስጥ እዩ፤ ጥቁር ከመሰለ ግሪን፣ ፈዘዝ ካለ ውድ። የውድ እግር ጫፍ ከጅራቷ አልፎ ይታያል። ድንጋይ ወርውሮ ማስነሣት ነውር ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣች ወፍ ትብላበት።

ያስተማሩኝ ሽማግሌ ኧርባንና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በጨርቅ ጠቅልለው ይይዙ ነበር። ቆቃ ሐይቅ ዳር ስንቀመጥ እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አይወርድም። እኔ «ይቺማ ግሪን ናት» እያልኩ ስቁነጠነጥ ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም። ኋላ ጭልፊት ሲያልፍ ዳርቻው ሁሉ ብድግ አለ። እሳቸውም እርሳሱን አውርደው «ሦስት ውድ፣ አንዲት ግሪን፣ ሁለት ያልተለዩ» ብለው ጻፉ። ያቺን «ያልተለዩ» የምትል ቃል የማያፍርባት ሰው ነው ለእኔ ባለሙያ።

እናንተም «ያልተለየች» የሚል መስመር የሌለበትን መዝገብ አታምጡልኝ፤ አላነበውም።