አረንጓዴ ወረቀት፣ የ26 ዶላር ደመወዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስዊድን የምትኖር እህቴ ለገና ሸሚዝ ላከችልኝ። የኤች ኤንድ ኤም ሸሚዝ ነው፤ «ኮንሸስ» የሚል አረንጓዴ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። ለተፈጥሮ ታስቦ የተሠራ ማለት ነው። ሳነበው ሸሚዝ ብቻ ሳይሆን ጽድቅም የለበስኩ መሰለኝ።

በዚህ መጽሔት ጽሑፍ ስንገመግም የተባለውን ብቻ ሳይሆን የተዘለለውንም እንጠይቃለን። ያ ወረቀትም አጭር ጽሑፍ ነውና እንደዚያው እንመርምረው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልካሙን እናስቀድም። ኩባንያው ልብስ የሚሰፉለትን ፋብሪካዎች ዝርዝር ከ2013 ጀምሮ ይፋ ያደርጋል። በዚያው ዓመት በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የፋብሪካዎችን ደኅንነት የሚያስጠብቀውን አስገዳጅ ስምምነት ቀድመው ከፈረሙት አንዱ ነበር። ከማን እንደሚገዙ የሚደብቁ ብዙዎች ባሉበት ገበያ ይህ ያስመሰግነዋል።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2013 መጨረሻ ኩባንያው አንድ ተስፋ ሰጠ፤ ዋና ዋና አቅራቢዎቹ እስከ 2018 ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ የሚከፍሉበትን አሠራር ይዘረጋሉ፣ ይህም እስከ 850,000 ሠራተኞችን ይደርሳል አለ። ጊዜው ሲደርስ «ክሊን ክሎዝስ ካምፔይን» የተባለው የሠራተኞች መብት ተሟጋች በቡልጋሪያ፣ በቱርክ፣ በሕንድና በካምቦዲያ 62 ሠራተኞችን አነጋገረ። ለኑሮ የሚበቃ የሚከፈለው አንድም አላገኘም። ኩባንያው በበኩሉ «ለኑሮ የሚበቃ» ለሚባለው ደመወዝ ሁሉም የተስማማበት ልክ የለም፣ በአሠሪና በሠራተኛ ድርድር ይወሰን ሲል መለሰ። ታዲያ ልኩ ካልታወቀ፣ ተስፋው ሲሰጥ ምን ተለክቶ ነበር?

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ኤች ኤንድ ኤም ከኢትዮጵያ ፋብሪካዎችም ልብስ ሲገዛ ቆይቷል። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት፣ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብቻ ነበር። ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ለግል ድርጅቶች በሕግ የተወሰነ የደመወዝ ወለል ስላልነበረ፣ ይህን ለመክፈል ሕግ መጣስ አያስፈልግም ነበር። ስለዚህ «ሕግ አክብረናል» የሚል መልስ ብቻውን ሥነ ምግባር አይሆንም።

አረንጓዴው ወረቀትስ? በ2022 የኔዘርላንድ የሸማቾችና የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ኮንሸስ» ዓይነት ቃላት ግልጽ እንዳልሆኑና በቂ ማስረጃ እንዳልቀረበባቸው ተናገረ። ኩባንያው ቃላቱን ሊያስተካክል ወይም ሊተው፣ 500,000 ዩሮም ለዘላቂነት ሥራ ሊለግስ ተስማማ። አሮጌ ልብስ የሚሰበስቡ ሣጥኖችም በመደብሮቹ አሉ፤ ግን ለሚመልስ ሰው የሚሰጠው ለቀጣይ ግዢ የሚሆን የቅናሽ ኩፖን ነው። አሮጌውን ያስመልሳል፣ አዲሱን ያስገዛል።

ፍርዴ ይህ ነው፦ በግልጽነት ከብዙዎች የተሻለ፤ በደመወዝ ቃሉን ያልፈጸመ፤ ስለ ምርቱ ብዛት ደግሞ በወረቀቱ ላይ ዝም ያለ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ስለ ሠራተኞች ደመወዝ የጻፈውን ከእነዚህ ቁጥሮች ጎን አድርጋችሁ አንብቡት።

ሸሚዙን አልጣልኩትም፤ ልብስ መጣል የሰፋችውን ልጅ አይጠቅማትም። እስኪያልቅ እለብሰዋለሁ። ጽድቅ የለበስኩ መስሎኝ የነበረው ግን ቀርቷል። እናንተም ለወጣቶች ጉባኤ ቲሸርት ስታሠሩ «ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ማን ሰፋው? ስንትስ ተከፈላት?» በሉ። መልስ ባታገኙ እንኳ፣ ጠያቂ ደንበኛ እንዳለ ሻጩ ይወቅ።